ድንጋይ ያልተሸከመችው አዋላጅ

ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.፣ ጧት

ዝናብ። የርብ ወንዝ ሞልቶ የጎንደርን መንገድ ውጦታል። እኔ፣ በምላሴ ምክንያት ከቅኔ ቤት የተባረርሁ የወረታ ችሎት ጸሐፊ፣ ብዕሬን እየቀረጽሁ ባለቤቴን እጠብቃለሁ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ አዋላጅ ናት። ትናንት ከቁሐር ሚካኤል በታንኳ መጥተው ወሰዷት፤ የአቶ ደሴ ሚስት ውድነሽ በሰባት ወሯ ደም ይፈሳታል፣ ያንዘፈዝፋታል። ሐኪም ያለው ጎንደር ነው። መንግሥት ዋና የሚችል ሐኪም እስኪልክልን ጥሩወርቅ አለችልን።

ከሰዓት በኋላ

መጣች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ። ውድነሽ ተርፋለች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ሳይደርስ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ብጠብቅ ሁለቱንም እንቀብር ነበር አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዝም አልሁ። ደብተሬ ሆይ፣ ዝምታዬ ብርቅ ነውና መዝግበው።

ሐምሌ ፳፫፣ ጊዮርጊስ

ወሬው ታንኳ ሳይሻ ተሻገረ። ባላባቱ ግራዝማች እሸቴ ፅንስ ያስወረደ አለ ብለው ከሰሱ፤ ዳኛው አውጫጭኝ አዘዙ። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ ቤቱ የሚሄድ የለም። ጥፋተኛ የተባለችውን አገር ያውቃታል! ግን ደንብ ነው፤ የሚያውቁትን እስኪያውቁ ይበሰብሳሉ። ጸሐፊው ማን ይሆን? የተጠርጣሪዋ ባል። ሌላ ፊደል የቆጠረ ጠፋ።

ሐምሌ ፳፬

አውጫጭኙ ሜዳ ላይ፣ ሾላው ሥር። ዝናብ። ከብቱ እረኛ አጥቶ የሰው ማሳ ይግጣል።

ግራዝማች አዲሱን የወንጀል ሕግ ጠቀሱ፤ አላነበቡትም፣ ድምፃቸው ግን ያማረ ነው። ማስወረድ ወንጀል ነው፤ ለእናቲቱ ሕይወት ሲባል የሚፈቀደው ሐኪም ሲያረጋግጥ ብቻ። ሰባት ወር የሞላውማ ሰው ነው አሉ። የውድነሽ የነፍስ አባት ቄስ አድማሱ ተነሡ። አዎን፣ ሰው ነው፤ አልቅሼለታለሁ። እናቲቱም ሰው ናት። ንስሐ ከተባለ የእኔ ሥራ ነው፤ ለእስር ቤት የምሰጠው ሴት ግን የለኝም አሉ። ጉርምርምታ። አንዲት ባልቴት ከኋላ፦

«ግራዝማች፣ ስንት ወለዱ?»

ዘጠኝ፣ አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«በየትኛው ጎንዎ አማጡ?»

ሳቅ። ዳኛው ሳቁን እንዳልጽፍ አዘዙ። ጻፍሁት።

ያን ጊዜ ጥሩወርቅ ብድግ። የምትፈልጉት እኔን ነው፤ ሰዉን ልቀቁት፣ ከብቱ አገር ጨረሰ አለች። ማንም ሳይጠቁማት! ቅኔ ቤት የቅዱሳንን ስም የምንጽፍበት ቀይ ቀለም ተርፎኝ ነበር፤ ስሟን በእሱ ጻፍሁ። ዳኛው ምንድን ነው ቢሉኝ ጥቁሩ አለቀ አልኋቸው። ብልቃጡ ግን ሙሉ ነበር።

ሐምሌ ፳፯፣ መድኃኔዓለም

ሰዉ ወደ ቤቱ ተለቀቀ፣ ጥሩወርቅም በዋስ፤ ዛሬ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቤታችን መጡ። ደግ ናቸው። ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ግራዝማች እግር ሥር ይቅርታ ትበል፤ ክሱ ይነሣል አሉ። እንቢ ካለች ደብረ ታቦር ችሎት፣ ምናልባትም ወህኒ። እኔ ፈሪው ደስ አለኝ፤ ቀለል ያለ ድንጋይ እመርጥልሻለሁ አልኋት።

ሽማግሌዎቹን አየቻቸው። «ነገ ሌላዋ ደም ሲፈሳት ስትጠራኝ ምን ልበል፣ አባቶቼ? ድንጋዬን ይዤ ልምጣ?»

ይቅርታው የሚበጀው ለእኔ ብቻ ነው፤ ሕጉ ግን ያገሩን ሴት ሁሉ ይመለከታል አለች። ሽማግሌዎቹ ካባቸውን ሰብስበው ወጡ። አንደኛው በሩ ላይ ቆሞ ባረካት። ሚስቴ ናት! የኔ!

ነሐሴ ፩

የፍልሰታ ጾም ገባ። ሥራዬን ለቀቅሁ፤ ዳኛው ምላሴን ስለሚያውቁ ደስታቸውን አልሸሸጉም። ደብረ ታቦር ጠበቃዋ እኔ ነኝ። አቤቱታውንም ጀመርሁ፤ ለችሎቱ አንድ፣ ለጃንሆይ አንድ። «በድያለሁ» ብዬ ብከፍት አስጠፋችኝ። አሁን እንዲህ ይላል፦ ሐኪም በሌለበት አገር፣ ወሩ የገፋም ቢሆን፣ እናትን ለማትረፍ የተደረገ ነገር ወንጀል አይባል። ምሕረት አንለምንም።

ደሴ ደጅ ቆሟል። ውድነሽን በቃሬዛ አምጥቷታል፤ ገና ገርጥታለች፣ ካልመሰከርሁ አልመለስም ብላለች። ጥሩወርቅ ከውጭ ትጣራለች፤ ውሃው ሳይጨምር ተነሣ፣ ወይስ ድንጋይ እየመረጥህ ነው? ትለኛለች። መጣሁ። ቀይ ቀለሙን ብቻ ልያዝ።