የመኪናህ ብረት አመድ ውስጥ አደረ

ይልማዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ሰላምታዬ እንደ ድሮው ነው፤ አንተም እንደ ድሮው ጋዜጣህን ዝቅ አድርገህ ስማኝ፤ ብዙ ወሬ አጠራቅሜልሃለሁ።

የሠፈሩን ላስቀድም። መንገዳችን ሰፍቷል። አጥሩ ወደ ውስጥ ሲገባ አንተ የተከልከው ጽጌረዳ ከነሥሩ ተነሥቶ ጓሮ ገባ፤ ደግነቱ ጸደቀ። የጎረቤታችን የዘነበች ልጅ ቻርጅ የምትደረግ መኪና ገዝቷል። ድምፅ የሚባል ነገር የላትም፤ ባለፈው ከኋላዬ መጥታ ነፍሴን ልታወጣው ነበር። ዘነበችም ከዚያ ወዲህ የእኛዋን አሮጊት መኪና ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ዋናው ወሬዬ እንግዲህ አሮጊቷ ናት። ያ ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ ጭሱን እየሰበሰበ ወደ ማርሚታው የሚልከው ማኒፎልድ፣ አንተ በየዓመቱ እየለጣጠፍክ «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» የምትለኝ፣ ስንጥቁ ሰፍቶ ለሁለት ሊከፈል ደረሰ። መጀመሪያ ጩኸቷ ብቻ ነበር። ኋላ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር፤ ገበያ ደርሼ ስመለስ ራሴን አስሬ እተኛለሁ። ወንድምህ አሰፋ ይህን ሲሰማ ገዢ ይዞ መጣ። ሰውዬው ሊነዳት እንዳይመስልህ። ሞተሯን አውጥቶ ምግብ ቤቱ በር ላይ ሊያቆማት ነው፤ ኮፈኗ ውስጥ አፈር ተሞልቶ አበባ ይተከልበታል፣ እንግዳ ፎቶ ይነሣባታል። ይህን ሲነግረኝ ደስ የሚለኝ መስሎት ነበር።

አሰፋን አንድ ነገር ለመንኩት። ብረቱ ከተጠገነ ትቀመጥልኝ፤ ካልተጠገነ ይውሰዷት። እሺ አለ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ልኬ ሌላ ማኒፎልድ አስፈለግሁ፤ የመኪናዋን ዕድሜ ሲሰሙ ሳቁብን አሉ። ስለዚህ መበየድ ብቻ ቀረ።

መካኒኩ ሊፈታው ሲመጣ እኔ ቡሎኖቹን ቀደም ብዬ ጠዋት ማታ ዘይት ሳጠጣቸው ከርሜ ነበር፤ ሞተሩም ሞቅ ሳይል አትንካ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን አንድም ሳይሰበር ወጡለት። የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ።

«ባትሪ በመያዝ» አልኩት።

ይልማዬ፣ ያኔ እንዴት እንዳማረርኩህ ታስታውሳለህ? እሑድ ከሰዓት ሰው ሁሉ ለብሶ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር እኔ ኮፈን ሥር አጎንብሼ፣ ወደ ግራ አብሪ፣ ግራሽ የት ነው እየተባልኩ። አንተ ደግሞ ይህ እንዲህ ነው፣ ያኛው እንዲያ ነው እያልክ ታወራለህ። ከብረቱ ጋር የምታወራ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ከእኔ ጋር ነበር። ለዚያ ሁሉ እሑድ አመሰግንሃለሁ፤ በቁምህ ብነግርህ ደግሞ ኩራቱን አልችለውም ነበር።

አሰፋ ብረቱን ቸኩሎ አንዱ በያጅ ጋ ወሰደው። ሰውዬው በየደና ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ውሃ ደፋበት። ቤት ሳይደርስ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ወጣ። አሰፋ ብረቱን ከነፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እኔ ግን አንሥቼ መሃል ከተማ ጋሽ ሙክታር ጋ ሄድኩ፤ አሮጌ በያጅ ናቸው፣ ቆይ እስቲ የሚሉት ነገር ይበዛል። አገላብጠው አዩት። እንዲህ ያለ ተቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ድንጋጤ አይወድም አሉኝ፤ ከሰል ላይ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ተበይዶ ሲያበቃ ሞቅ ያለ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ያድራል። ዳግመኛ ከተሰነጠቀ ግን ለቁራሌው ነው። «በይ አመዱን አንቺ አምጪ» አሉ፣ «ግማሽ በርሜል የሚሞላ።»

አመድ ምን ይጠፋል ብዬ ወጣሁ። ለካ ሠፈሩ ሁሉ የሚያበስለው በኤሌክትሪክ ነው። በየበሩ አመድ አላችሁ ወይ እያልኩ ስዞር ወሬው ቀድሞኝ ዘነበች ዘንድ ደረሰ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ይብቃሽ እንጂ ጸዳልዬ። ይልማ ካረፈ ስንት ጊዜው፣ ዛሬ ተነሥተሽ አመድ ልትነሰንሺ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ለመኪና ነው ስላት ጭራሽ ደነገጠች፤ ለመኪና አመድ ሲነሰነስ ሰምታ አታውቅማ። አስረድቻት ሳበቃ የሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም አብሬያት ተቀመጥኩ። ካንተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

መላውን ያመጣችውም እሷው ናት፤ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል። ዓሣ ጠባሾቹ ዛሬም በእንጨት ነው የሚሠሩት። በልጇ መኪና ሄደን ሁለት ማዳበሪያ አመድ ጭነን ተመለስን፤ ያ አዲስ ወንበር ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ልጇ ያለንን አልጽፍልህም፤ ካረፍክበት አላስደነግጥህም።

ብረቱ ተበይዶ አመድ ውስጥ አደረ። በማግስቱ አሰፋም መጣ። ጋሽ ሙክታር አመዱን ጠርገው አወጡት፣ በሽቦ አንጠለጠሉትና በመፍቻ ቁልፍ መቱት። የተሰነጠቀ ብረት እንደ ገል ነው የሚጮኸው፤ ይህስ እንደ ደወል ጠራ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ሦስታችንም አልተነፈስንም። አሰፋ ዞር ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አመዱ ነው አለ።

ተገጥሞላት ስትነሣ ጭስ የለ፣ ራስ ምታት የለ። አሰፋን ከጎኔ አስቀምጬ በሐይቁ በኩል አዙሬ ቤት አመጣሁት። በር ላይ ቆምን፤ አይወርድም። እጁን ዳሽቦርዱ ላይ አደረገ።

«ሽጪያት ያልኩሽ ጭሱን ፈርቼ ብቻ አይደለም እትዬ። እሱ ሳይኖርባት ቆማ ማየት አልቻልኩም።»

ስልኩን አውጥቶ ለገዢው ሌላ እንዲፈልግ ነገረው። ከዚያ አንድ ዙር ጨምሪኝ አለኝ፤ ጨመርኩት። መንገዱን ሙሉ ስላንተ አወራን፤ እሱ የልጅነታችሁን፣ እኔ የትዳራችንን። ከሞትክ ጀምሮ ሁለታችንም ስምህን ስንሸሽ ኖረናል፤ አንዳችን ሌላችንን ላለማስለቀስ ብለን። ትናንት ግን ጠግበን ጠራንህ።

ሙት ዓመትህን አስባለሁ፣ ሻማህንም አበራለሁ፤ ይህን ታውቃለህ። እኔ ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ይህችን መሪ መያዝ እስከቻልኩ ድረስ፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ይልማ እንዲህ ይል ነበር፣ ይልማ እዚህ ጋ እንዲህ አድርጎ ነበር እላለሁ። የሰለቸው ይወርዳል።

ያንተዋ፣
ጸዳለ