የደስታነሽ ዓይንና የእኔ ለቅሶ

ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፴፩

ጤፉ ደህና ነው። በሬዎቹም። የእህቴ ልጅ ደስታነሽ ግን ዛሬም ግራ ዓይኗን በእጇ ይዛ ዋለች። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ራሷን ይፈልጣታል። ጠበሉንም ሞክራለች። ስሟ ደስታነሽ፣ ሙያዋ ሙሾ ማውረድ... ከቡሬ እስከ ጅጋ ያለ እሷ ለቅሶ አይደምቅም። “አንቺ ደስ የሚልሽ ሰው ሲሞት ነው” ብላት እንኳ አልሳቀችም። በጣም ታማለች ማለት ነው።

ጥቅምት ፲

ቡሬ፣ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ። ጎረቤት ምን ይለን ይሆን? ይበል።

አስተርጓሚው ክንፈሚካኤል አስረዳን። ዓይን በውስጡ ውሃ ያመነጫል። መውጫው ሲጠብ ውሃው ተጠራቅሞ ብርሃኑን ያጠፋል። ግላኮማ ይሉታል። ወይ ቦይ ይከፈትለታል፣ ወይ ምንጩ ይቀነሳል። ሐኪሙ ቦዩ ይደፈንባታል ብሎ ስለፈራ፣ በኤሌክትሪክ በጋለ መርፌ ምንጩን ነካ ነካ አድርጎ ማዳከም መረጠ። ገባኝ። ረግረግ ማሳ ያለው ሰው እንዴት አይገባው?

ደስታነሽ ብድግ አለች። “አያ ደረሰ፣ እንሂድ።”

“ምነው?”

“ምንጩ ከደረቀ በምን አለቅሳለሁ? ነገ ጫካ ካሉት ወንድሞቻችን የአንዱ ሬሳ ቢመጣስ?”

ክንፈሚካኤልን ሐኪሙን እንዲጠይቅልን ለመንኩት።

ጥቅምት ፲፩

ክንፈሚካኤል ጠይቆ መጣ። የእንባ ምንጭ ሌላ ነው አሉ፤ ከዓይኑ ውጭ፣ ከቅንድብ ሥር። አላመነችም። “ፈረንጅ የኛን እንባ ምን ያውቃል?”

“ቢደርቅብሽ እኔ አለቅስልሻለሁ፤ አንቺ ግጥሙን ብቻ ያዢ” አልኳት። ሳቀች። እሺ አለች።

እውነት ቢደርቅስ?

ጥቅምት ፲፬

አደንዝዞ ሠራላት። ውጭ የኤሌክትሪኩ ሞተር ይጮሃል፣ እጇን ይዣለሁ። ሐኪሙ እንዳላስቃት አስጠነቀቀኝ። ከእሷ ይልቅ እኔ ተሰቃየሁ።

ኅዳር ፯

ዓይኑ ለስልሷል። ራሷንም ተዋት። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረው ግን አለ። ለቅሶ ሲጠሯት ግን “አሞኛል” ትላለች። እንባው እንቢ እንዳይላት ፈርታ።

ዛሬ መላ መታሁ። ደጃፍ ላይ ተጋድሜ ጋቢዬን ተከናነብኩ። “ሞቻለሁ፤ አልቅሺ።” እህቴ ሀብትነሽ “ሟርተኛ” እያለች አማተበች። ደስታነሽ ቆማ አየችኝና አወረደችው፦

አፉ ሳይሞትበት፣ ቀድሞት ሞተ ገላው፣
ጎተራው ለእህቱ፣ ወሬውን ማን ይብላው።

በጋቢው ቀዳዳ አየኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ... የምሯን ሆነ። የታከመው ዓይን ከጤነኛው እኩል እንባውን ያወርደዋል።

“አያ፣ ተነሱ በቃ። እውነት እንዳይሆን።”

ኅዳር ፲፪

ደስታነሽ ለለቅሶ ተጠርታ ሽንዲ ሄደች። እኔ ጅጋ ገበያ ወጣሁ። የሞቴ ወሬ ቀድሞኝ ደርሷል። ያገኘኝ ሁሉ “ነፍስ ይማር፣ አያ ደረሰ” ይለኛል።

“እግዜር ያጥናችሁ” እላለሁ።