ባርዱር መጨረሻ ላይ ያየው

ውድ ማርዩን፣

ከዴንማርክ የላክሽልኝ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ከግድግዳው ሰዓት ኋላ ሸጉጬው፣ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ጫፉን እያየሁ ሰነበትኩ። "በነሐሴ አይስላንድ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ልትጨልም ነው፤ ራንቫ ካንተ ጋር ካልሆነ አላይም ብላለች" ብለሻል። ከሥሩ ደግሞ ልጅቱ በራሷ እጅ ጽፋለች፦ "አጎቴ ሃይኒ፣ አባቴ መጨረሻ ላይ ያየው ምን ነበር? እውነት ደመና ብቻ ነው?"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ይህን ጥያቄ ነው። ፖሊሱ ሳይጠይቀኝ፣ ቄሱ ሳይጠይቁኝ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጠየቀችኝ።

ደመና ብቻ አልነበረም፣ ማርዩን። ዋሽቼሻለሁ።

ፀሐይ በእኛ ደሴቶች ላይ የጨለመችበትን ያን የመጋቢት ዓርብ ታስታውሺዋለሽ። መንደራችን በእንግዳ ተጨናንቋል። ሁሉም ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ ሰማዩ ግን እንደ ድስት ተከድኗል። ባልሽ ባርዱር ወደቡ ላይ ቆሞ ይስቅባቸው ነበር። "ከጀርመን ድረስ የእኛን ደመና ሊያዩ መጡ! ቢነግሩን እኮ በፖስታ እንልክላቸው ነበር!" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ከደሴቷ ወዲያ ማዶ ጠርቷል፤ ተነስ፣ ጀልባህን ፍታት" አለኝ። ራንቫ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እግሩ ላይ ተጠምጥማ "እኔም! እኔም!" ስትል ሊያነሳት ጎንበስ አለ። አንቺ የጃኬቷን ቆብ ጨምድደሽ ይዘሽ "ይቺ የትም አትሄድም" አልሽ። ቀጥለሽም "ሃይኒ፣ የባሕሩን ፍሰት አይታችኋል? ዛሬ እኮ ጨረቃ የለችም" አልሽኝ።

ምን ብዬ መለስኩልሽ? "ጨረቃማ አለች፤ ዛሬ ከፀሐይ ጋር ቀጠሮ አላት!" ወደቡ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አንቺ አልሳቅሽም።

እኛ የፋሮ ሰዎች ፊደል ሳንቆጥር የምናውቀው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ጨረቃ በጠፋችበት ቀን በደሴቶቹ መካከል ያለው ባሕር እንደ ሞላ ወንዝ ይወርዳል። ለሠርግም ለቀብርም ጀልባ የምናወጣው የፍሰቱን ሠንጠረዥ አይተን ነው። ያን ቀን ግን ጨረቃን የሰማይ ብቻ አደረግናት። ፀሐይን የምትጋርደው እሷው ራሷ ከሥራችን ባሕሩን እንደምትጎትተው ረሳን። ሠንጠረዡ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አልገለጥኩትም።

ማዶው እውነትም ጠርቶ ነበር። ብርሃኑ መጀመሪያ እንደ አሮጌ ቆርቆሮ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ ብርዱ መጣ። ገደሉ ላይ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎች ዝም አሉ። ከምዕራብ ጥላው ባሕሩን እየጠረገ ወደ እኛ ሲመጣ በዓይኔ አየሁት፤ ፈራሁ። የሞተሩ ጩኸት ያን ዝምታ የሚያረክሰው መሰለኝና አጠፋሁት። በራሱ አልጠፋም። በዚህ በምጽፍበት እጄ አጠፋሁት።

"ምነው?" አለ ባርዱር።

"ዝም ብለህ ስማ" አልኩት።

ባርዱር ከመቀመጫው ተነስቶ ቆመ። ፀሐይ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ጉድጓድ፣ ዙሪያውን ነጭ ጸጉር የመሰለ ብርሃን፣ ከጎኑ ደግሞ በማለዳ የወጣች ኮከብ። በሕይወቴ ያን ያህል የሚያምር ነገር አላየሁም፤ ይህን ላንቺ መናገር ያሳፍረኛል። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሁለታችንም ሽቅብ ስናይ ባሕሩን ያየ ሰው አልነበረም።

ብርሃኑ ሲመለስ ፍሰቱ ገፍቶን የገደሉ ዓለት አፍንጫችን ሥር ነበር። የሞተሩን ገመድ ሳብኩ፤ እንቢ አለ። ደግሜ ሳብኩት፤ ተነሳ። ግን ማዕበሉ ቀድሞን ጎናችንን መታን። ባርዱር ገና እንደቆመ ነበር። እኔ ዓለቱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ እሱን ፍሰቱ ወሰደው። ከአራት ቀን በኋላ የት እንደተገኘ ታውቂያለሽ።

ለሁላችሁም ግን "ሞተሩ ከዳን፤ ሰማዩም እንደተከደነ ነበር" አልኩ። ያን ሞተር በዚያው ሳምንት፣ ከመውጣታችን በፊት የጠገኑት አባትሽ ነበሩ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን የመፍቻ ሣጥናቸውን ዘግተው ዳግመኛ ሞተር አልነኩም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ክንዴን ይዘው "ሃይኒ፣ የትኛውን ብሎን ነው የዘነጋሁት?" ይሉኝ ነበር። እኔም "ይተዉት አባባ፣ የእግዜር ሥራ ነው" እላቸዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ትከሻዬ ላይ ሆነው እንኳ እውነቱን አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው ረፍዷል።

አይስላንድ አልመጣም። ይህን ወረቀት ለፖሊስ ብታሳዪው አልክድም። ለራንቫ ግን ንገሪያት፤ አባቷ ደመና አላየም፤ ከዳር እስከ ዳር ሙሉውን አይቷል። ብርሃኑ ሊመለስ ሲል፣ ዓይኑን ከሰማይ ሳያነሳ፣ የመጨረሻ ቃሉ ይህ ነበር፦ "ምነው ራንቫን ይዘናት በመጣን!"

ማርዩን፣ ያን ጠዋት ቆቧን ጨምድዶ የያዘው እጅሽ ይባረክ።

ሃይኒ