የኔትወርክ ማሻሻያ ጥያቄያችን በእትዬ ፍላሽ ጉልበት ስለ መመለሱ

ለተከበሩ የኔትወርክ ማሻሻያ አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለወንበርዎም ምቾት ከልብ እመኛለሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ስድስት ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው መስመር ይሻሻል ወይስ ይቆይ የሚለውን ጥያቄ ዐሥራ አራት ወር ሙሉ ሳይቸኩሉ ስለ መረመሩልን፣ እኔ የምድር ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ከቀረኝ ጉልበት ላይ ቆጥቤ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

1ኛ. ኮሚቴዎ ሦስት ሳምንት ቆጥሮ በመስመሩ የሚተላለፈው ፋይል በቀን ከአራት እንደማይበልጥ ስለ ደረሰበት፣ «ተጠቃሚ የሌለው ነገር ማሻሻያ አያስፈልገውም» ሲል መወሰኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንብበናል። አንድ ፋይል ከምድር ቤት ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ባለጉዳዩ ምሳውን በልቶ እንደሚመለስ፣ እኛም መስመሩን የተውነው ጠግበን ሳይሆን ተስፋ ቆርጠን እንደሆነ ቆጣሪዎቹ አንዳችንንም አልጠየቁንም። ሥራ ስላላስፈቱን እናመሰግናለን።

2ኛ. በዚሁ ማስታወቂያ «አስተማማኝ አማራጭ ማስተላለፊያ» የተባለው መሣሪያ አይደለም፤ ፍላሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የምትውል ተላላኪያችን ናት። እትዬ ፍላሽ እንላታለን። ባለፈው ወር ያቺው የአንገቷ ፍላሽ ቫይረስ ይዛ ዞራ የስድስቱንም ኮምፒውተር ፋይል የማይከፈት ሾርትከት አድርጋው ቁጭ አለች። ስድስታችንም በአንድ ቀን የተገናኘነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

3ኛ. ይህን መጻፍ ይከብደኛል። እትዬ ፍላሽ የጡረታ ጊዜዋ ካለፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ልጇ ዘንድ ሄዳ የልጅ ልጇን ለማሳደግ ሦስት ጊዜ አመልክታ፣ ሦስቱንም ጊዜ «የመረጃ ልውውጡ ስለሚቋረጥ» በሚል በፊርማዎ መልሰውላታል። መስመሩ እንዳይሻሻል እሷ አለች፤ እሷ እንዳትሄድ ደግሞ መስመሩ አልተሻሻለም። ሕፃኑ ዳዴ ሲል ያየችው በስልክ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የደረጃውን ብረት ይዛ ትቆማለች፤ ሰው ካያት ፍላሿን የምታስተካክል ትመስላለች። እያየሁ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል።

4ኛ. ስለ ጫማው እናመሰግናለን። በዐሥራ አንደኛው ስብሰባ «የማስተላለፊያ ፍጥነት ማሻሻያ» ተብሎ የጸደቀላት ጫማ አንድ ቁጥር ያንሳታል።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መስመሩን ማሻሻል ካልፈቀዱ ይተዉት፤ እሷን ግን ይልቀቋት።

ምላሽዎን እርስዎ በመረጡት ፍጥነት የምጠብቅ፣ የሰብሳቢነት ዘመንዎን እንደ ኔትወርክ ገመዳችን ዕድሜ ያርዝምልን ብዬ የምመርቅ፣

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሦስቱን ፎቅ ወጥቼ በርዎ ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። እትዬ ፍላሽ ዛሬ አልገባችም። ስደውልላት ከአጠገቧ ሕፃን ይስቃል። ሰብሳቢው ከጠየቁኝ ምን ልበላቸው ብላት፣ «ዛሬ ኔትወርክ የለም በላቸው» ብላኛለች።