ጀነሬተሩን ውጭ አስነሺው

ፍሬ፣

የእህቴን የእየሩስን ልብስ ወስጄ ወደ ሆስፒታል ተመልሻለሁ።

መብራት ከጠፋ ጀነሬተሩን ግቢው ጥግ፣ ከመስኮት አርቀሽ አስነሺው። ድምፁ አባ ደሳለን ከጸሎት ካናጠባቸው ጎረቤት ነንና እኔ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ዳግመኛ ኮሪደር ውስጥ እንዳታስገቢው።

ቤንዚን የሚጨመረው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

እየሩስን ጭሱ ሲጥላት «ቡዳ ነው» ብለሽ፣ ሰው እንዳያያት በር ዘግተሽ ጠበል ረጨሽባት። በሩን ብትከፍቺው ይበቃት ነበር።

ቀደም ብላ «ራሴን አመመኝ» ስትል «ጥናት ጠልተሽ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። እሱን ከአንቺ ጋር አላወራም።

ዛሬ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው አንቺን ነው። አንድም ቀን አልመጣችም አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ የሆስፒታሉ በር ላይ ቁጭ ብለሽ መዋልሽን አልነገርኳትም።

ሰብሌ