አባቴ ሰው ስለ መቁጠሩ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሕዝቅያስ
የካሌዶኒያን ሮድ ኢትዮጵያውያን የሽርሽር ማኅበር የጉዞ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ለንደን

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከኬንያ ይዘውት የተመለሱት የፀሐይ ቃጠሎ ሽሮልዎት፣ አፍንጫዎም ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመለስልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና አባቴ አቶ አለማየሁ፣ እዚሁ ዌምብሊ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሰባ ስምንት ዓመቱ አዛውንት የላኩት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደርሶናል፤ ማኅተሙ እጅግ ያማረ ነው። አባቴ በሳፋሪው መኪና ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰው በመቁጠር አራዊት ማስበርገጉን፣ ስለዚህም በመጪው ዓመት ጉዞ እንደማይሳተፍ በትሕትና ገልጸውልናል። እኔም ጥቂት ምስጋናዎች ስላሉኝ፣ አባላት ሁሉ እንዲያነቧቸው ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

1ኛ. ስለ ቆጠራው። አባቴ በሰባ አምስት ዓ.ም. ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ከአገር ሲሰደድ፣ ከሞያሌ ወደ ደቡብ ያንኑ ምድር በእግሩ አቋርጦታል። እርስዎ በመስኮት ሊያዩት የሄዱትን አንበሳ እነሱ ያለ መስኮት አይተውታል፤ አስጎብኚም አላስፈለጋቸውም። ጠዋት ጠዋት ከመነሳታቸው በፊት ሰው የመቁጠሩ ሥራ የአባቴ ነበር፤ ሁልጊዜ ዘጠኝ ይሞላሉ። አንድ ቀን ስምንት ሆኑ። የጎደለው አብሮ አደጉ ተክለአብ ነበር፤ ውሃ ፍለጋ ሄዶ ይሁን አውሬ ወስዶት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ጀርባዋ በጎበጠ አንዲት ኮረብታ ሥር እስከ ቀትር ጠበቁት፤ ውሃቸው ሲያልቅ ጥለውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሰው ተሰብስቦ ካየ ይቆጥራል፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ የሐኪም ወረፋም ላይ ቢሆን። ቀጭኔዋ በዚህ ተቀይማ ከሆነ ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2ኛ. ስለ ድምፅ አሰጣጡ። በጉዟችን ሦስተኛ ቀን አባቴ ያቺን ኮረብታ አያት። ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ አልጠፋችበትም። ከመኪና መውረድ ክልክል መሆኑን ያውቃል፤ የለመነዎት፣ የተክለአብን ስም በመስኮት እንዲጠራ፣ አምስት ደቂቃ እንድንቆም ብቻ ነበር። በዚያው ቅጽበት ሹፌራችን፣ አንዲት አንበሳ ከነደቦሎቿ እንደታየች በሬዲዮ ሰማ። እርስዎም እንደ ሕግ አክባሪ ሊቀመንበር፣ ጉዳዩን በዚያ አቧራ መሃል ለድምፅ አቀረቡት። ለአንበሳዋ አምስት፣ ለኮረብታዋ አንድ፣ ድምፀ ተዐቅቦ አንድ። ከዚያም የአንበሳዋ ጆሮ ነው የተባለውን ነገር በሣር ውስጥ አርባ ደቂቃ ተመለከትን። እኔ እስከ ዛሬ ቅጠል ይመስለኛል።

ድምፀ ተዐቅቦዋ እኔ ነበርኩ። አባቴ ሰው ፊት ሲለምን አይቼ አፈርኩ፤ አሁን የማፍረው በራሴ ነው። እንደሚያውቁት ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚነሳ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ፌርማታ ላይ እጁን ለዘረጋ ለአንድ ሰው ስቆም ተሳፋሪውን ድምፅ አላሰጥም። ያን ቀን ግን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

3ኛ. ስለ ቅጹ። ስንመለስ ያደሉንን የአስተያየት ቅጽ አባቴ በጥንቃቄ ሞላው። ምን ምን እንስሳት አዩ ለሚለው የሜዳ አህያ ብሎ፣ ምን ሳያዩ ተመለሱ ከሚለው ሥር ተክለአብ ብሎ ጻፈ። የኮሚቴው ጸሐፊ ዳናዊት ደውላ፣ «ብሩኬ፣ እባክሽ አባባን ሌላ ፎርም ፊል አስደርጊያቸው፣ ይሄ ሲስተሙ ውስጥ አይገባም» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ። ሁለተኛውን ቅጽ እኔ ሞላሁት፤ ዝሆን ብዬ።

የአባቴ ልብ ደክሟል። ሐኪሙ ከእንግዲህ አንድ ረጅም ጉዞ ቢችል ነው ብሎኛል። በዚህ ዕድሜውና በዚህ ጤናው ከማኅበሩ በቀር ወደዚያ የሚወስደው የለም፤ ሁሉንም በሮች አንኳኩቻለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው እገዳው እንዲሰረዝለት፣ አምስት ደቂቃውም እንዲፈቀድለት ነው። እንቢ ቢሉኝ ምንም ማድረግ አልችልም። ይህንንም እርስዎ ያውቃሉ።

አንበሳዋ በመጪው ዓመት ፊቷን ወደ ካሜራዎ እንድታዞርልዎ፣ ደቦሎቿም ተሰልፈው እንዲጠብቁዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በታጠፈ እጅ እሰናበትዎታለሁ።

ብሩክታዊት አለማየሁ
ዌምብሊ

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት ማንም ሳይነግርዎ ቀርቶ እንደሆነ ልንገርዎ፤ በመጨረሻው ቀን ከምሳ በኋላ፣ እርስዎ ከመጸዳጃ ቤት ሳይመለሱ ሹፌሩ ረስቶዎት መንገድ ጀምሮ ነበር። ቆጥሮ «አንድ ሰው ጎድሏል» ያለው አባቴ ነው። ተመልሰን አሥር ደቂቃ ጠበቅንዎ። ድምፅ አልተሰጠበትም።