ከመኪና ሥር ለሚተኛው ልጄ

ፈረስ ቤት
ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለቢሆነኝ ወንዳወቅ
ቡሬ

እንደምን ሰነበትክ ልጄ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ነዷል። በስልክ ልቆጣህ ስጀምር «እማ፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ትልና ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

«ትከሻዬን የተጎዳሁት ከደረጃ ወድቄ ነው» አልከኝ። ያንተ ቤት ደረጃ የለውም። ሚስትህ ስትወልድ ክርስትናው እስኪደርስ የከረምኩበት ቤት እኮ ነው፤ ከበሩ ወደ ግቢው የሚወጣው መሬት ለመሬት ነው። ለእናት ሲዋሽ እንኳ ትንሽ ይታሰብበታል።

ሚስትህን ህይወትን «ለምን ነገርሽ» ብለህ እንዳትቆጣት። ደጋግሜ ጠይቄ ያናዘዝኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ምንም አልሆነም እማምዬ» አለችኝ፤ ከዚያ አለቀሰች። ያለቀሰችውን ልቅሶ ብትሰማው ኖሮ ያቺን ሚኒባስ ዳግመኛ ባልነካሃት ነበር።

ከሥሯ ዘይት ታንጠባጥባለች አሉ። ታንጠባጥብ፤ መኪና ናት። ሀምዱ ጋራዥ ትወስዳታለህ፣ ያበቃል። አንተ ግን ሀምዱ ተሳፋሪ ፊት «ቢሆነኝ፣ ይቺን መኪና ትነዳታለህ ወይስ ትገፋታለህ?» ብሎ ስለሳቀብህ አኩርፈሃል። ሀምዱ አባትህንም «ወንዳወቅ፣ መኪናህ ስታስል እኔ ቤት ድረስ ይሰማል» ይለው ነበር። አባትህ ስቆ መኪናዋን ያስረክበው ነበር እንጂ ለቀልድ ብሎ ነፍሱን አልሰጠም።

ደግሞ ጋራዥ ተዘግቶ ነበር እንዳትለኝ። የጥቅምት ማርያም ዕለት ሀምዱ ይሠራል፤ በዓሉ ያንተ እንጂ የእሱ አይደለም። አንተ ግን ጎረቤት «በማርያም ቀን ብረት ይቀጠቅጣል» እንዳይልህ ፈርተህ፣ መኪናዋን ከጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ጀርባ አስገባሃት። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጣ የከረመ ጥቁር አፈር ላይ ክሪክ አቆምክ። ጎማዋን በምንም ሳትደግፍ፣ ለሰው ሳትነግር፣ ሚስትህ ልጁን አዝላ ቤተ ክርስቲያን በሄደችበት ሰዓት ከሥሯ ገብተህ ተኛህ። የተደበቅከው ከማን ነው? ማርያም እንደሆነች ታይሃለች። ሰው እንዳያይህ ብለህ የገባህበት ቦታ ሰው ሊደርስልህ የማይችልበት ቦታ ነበር።

ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠና ተንሸራተተ። ለመቀመጫ ብለህ ጎትተህ ያመጣኸው አሮጌ ጎማ መኪናዋን ባይሸከምልህ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለማን እጽፈው ነበር? ህይወት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የሰማችው ድምፅ ከመሬት ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር አለችኝ። እኔ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

«እመቤቴ ጠበቀችኝ» ብለሃል አሉ። ጠብቃሃለች፤ አልክድም። እሷ ግን ክሪክህ አይደለችም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ቅዳሜ ተመልሰህ ከሥሯ ልትገባ ነው። ህይወት ብትለምንህ «የጀመርኩትን ልጨርስ» አልካት። ለዚህ ነው ሆዴ የነደደው። ሰው አንዴ ቢሳሳት ሰው ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከምን እንደሆነ ታውቃለህ። አባትህ ከሞተ በኋላ፣ ለመንጃ ፈቃድ ሲያጠናው ከነበረው መጽሐፍ ነው። ዳዊት ከመድገሜ በፊት ስለ ፍሬን አነበብኩ። አንተ «እማ ሹፌር ልትሆን ነው» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ሹፌርነት አምሮኝ አልነበረም። ጎማ እንዳይንከባለል በታኮ ስለመደገፍ የሚናገረው ገጽ እስኪቀደድ አንብቤዋለሁ።

ስለዚህ ከሀምዱ ጋር አልታረቅም ካልክ እንኳ የምልህን ስማኝ። መኪናዋን ከጓሮ አውጣትና ሜዳ በሆነ፣ በደረቅ መሬት ላይ፣ ሰው በሚያይህ ቦታ አቁማት። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፤ ጎማውን ከፊትም ከኋላም ደግፍ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መሸከሚያ አይደለም፤ ካነሳህ በኋላ ሻሲው ሥር ጉማጅ አስገባና ራስህ ከመግባትህ በፊት መኪናዋን በእጅህ ነቅንቃት። ስትነቀንቃት የምትወድቅ ከሆነ ባዶ መሬት ላይ ትውደቅ። የባትሪውን ገመድ ንቀል። ራዲያተሩን በሞቀበት አትክፈት። ፎጣህን አንገትህ ላይ ጠምጥመህ የሚሽከረከር ሞተር ላይ አትጎንበስ። ሲጋራህንም ከነዳጅ አርቀው፤ ማጨስህን የማላውቅ መስሎህ ነው?

አሁን ደግሞ የምነግርህን ከሁሉም በላይ ያዘው።

አባትህ ፍሬኑ ከድቶት ሞተ ሲባል እየሰማህ ነው ያደግከው። ለቀስተኛው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው፤ እኔም ዝም አልኩ። መኪናው ተበላሽቶ ዳገቱ ላይ ቆመን ነበር፤ አብሬው እንደነበርኩ ታውቃለህ። የኋላ ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ነበር። አባትህ መኪናቸውን ጠግነው ድንጋዩን መንገድ ላይ ጥለው የሚሄዱ ሹፌሮችን ይረግማቸው ነበር፤ በጨለማ የሚመጣውን ሰው ገደሉት ይል ነበር። ስለዚህ እሱ ሥራውን ሲጨርስ ድንጋዩን ከመንገድ የማነሳው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ጽድቅ ነው ይለኝ ነበር። ያን ቀንም ከመኪናው ሥር ሆኖ «ጨረስኩ፣ አደይ» አለ።

ገና አልወጣም ነበር።

ስለዚህ አንተ ከሥር ሆነህ ጨረስኩ አትበል። መጀመሪያ ውጣ። በሁለት እግርህ ቁም። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጅህ አንሳው። ለማንም አትተወው፤ ለህይወትም ቢሆን፣ መንገድ ማጽዳት ለለመደ ለማንም ሰው ቢሆን። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ የምልህን ብቻ አድርግ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ አንዷለም ሹፌሩ ነው። ከደብዳቤው ጋር የወይራ ጉማጆች ጭኜለታለሁ፤ አናጢው ተስፋው ቆርጦ፣ እንዳይንከባለሉ ከላይም ከታችም አስተካክሎ ጠርቦልኛል። ቀላል እንጨት አይደለም፤ ለማገዶ እንዳይሆን ለህይወት ንገራት። ሀምዱንም ሰላም በልልኝ፤ ከእሱ ቀልድ ብትርቅ ሰላም የምታገኝ ይመስል አኩርፈህ አትቅር።

ቅዳሜ ሳልደርስ እንዳትጀምር። ሰው በሚያይህ ቦታ ሥራ ብያለሁና የምጠብቅህ እኔ ነኝ። ከአጥሩ ጥግ ልጅህን ታቅፌ እቀመጣለሁ፤ እግርህን እያየሁ ስምህን እጠራለሁ፣ አንተም አቤት ትለኛለህ። ወደ ጎማው ግን ቅረቢ አትበለኝ።

አባትህን የነሳኝ አምላክ አንተን ያቆይልኝ። ከብረትም ከድንጋይም ይሰውርህ፤ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ አብቅተህ እሱ የሚቀብርህ ያድርግህ።

ተቆጥታ የምትወድህ እናትህ
አደይ